ዓሊቴና፦ በኢሮብ ሸለቆ የጸናችው የግእዝ ሥርዐት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን

ከአዲግራት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው የትግራይ ደጋ ቀስ በቀስ አያልቅበትም፤ በድንገት ይሰበርና ምድሩ በገደልና በሸለቆ እየተሸነሸነ ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል። በዚያ ቍልቍለት ላይ፣ ዓሲምባ የተባለው ተራራ ቁልቁል በሚያየው አገር፣ ሳሆ የሚናገር፣ ከብት የሚያረባ፣ ጥቂቱን መሬት የሚያርስ፣ በነጭ ማሩም የታወቀ የኢሮብ ሕዝብ ይኖራል፤ እርሱም ቡክናይቶ፣ አድጋዲ ዓረና ሓሳበላ በሚባሉ ሦስት ነገዶች የተከፈለ ነው። የዓሊቴና መንደር የምትገኘው በዚህ ሕዝብ መካከል ነው። ስለ እርስዋ ለመጻፍ ያነሣሣን የመንደሪቱ ስፋት ወይም የሕንጻዋ ግርማ አይደለም፤ ከሮም መንበር ጋር አንድነት ከመሠረተች ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የሆናት፣ ነገር ግን ቅዳሴዋን፣ ጾምዋንና ዜማዋን ከቀደሙት አበው ከወረሰችው ከግእዝ ያልለየች፣ በዕድሜ የገፋች የገጠር ቤተ ክርስቲያን በዚያ መኖርዋ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት የምንለው ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

የአገራችን ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሮም ሃይማኖት ሲሰማ ልቡ ለምን ይደነግጥ እንደ ነበር ለመረዳት ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ስብከት ተስበው ለሮም መንበር መታዘዛቸውን በ1618 ዓ.ም. በአደባባይ ባሳወቁ ጊዜ፣ ከፖርቱጋል የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በትምህርቱ ብቻ ሳይወሰን የሕዝቡን የዕለት ኑሮ ነካ፤ የቀደመውን ጥምቀትና ክህነት ተጠራጥሮ እንደ ገና እንዲሰጥ አዘዘ፣ የሰንበቱን ክብር፣ የጾሙንና የበዓሉን ዘመን፣ የቅዳሴውንም ሥርዐት ወደ ላቲኑ ልማድ ሊመልስ ሞከረ። አገር በአገር ላይ ተነሣ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰም በኋላ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ከአድዋ አጠገብ ከነበረችው ከፍሬሞና ሳይቀር ተነቅለው ከአገር ተባረሩ። እኔ እንደማምነው፣ ሕዝቡን ከሁሉ ይልቅ ያስቈጣው የሊቃውንቱ ክርክር ሳይሆን፣ አባቱ የጾመውን ጾም እንዳይጾም፣ እናቱ የተጠመቀችውንም ጥምቀት እንደ ከንቱ እንዲቈጥር መገደዱ ነበር። የዓሊቴና ታሪክ ይህንን ጥፋት ላለመድገም በቈረጠ በአንድ ሰው ሐሳብ የተጀመረ ታሪክ ነው።

ያ ሰው ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ነው፤ በአገራችን ሰዎች አንደበት አቡነ ያዕቆብ። የተወለዱት በ1793 ዓ.ም. በኔፕልስ መንግሥት ግዛት፣ ሳን ፌሌ በምትባል ኮረብታማ መንደር ሲሆን፣ በወጣትነታቸው ቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖል ወደ መሠረተው ወደ ላዛሪስት ማኅበር ገብተው ቄስ ሆኑ። ከእርሳቸው ቀድሞ የዚያው ማኅበር ቄስ የነበረ ዮሴፍ ሳፔቶ፣ አንቷን ዳባዲና ወንድሙ አርኖ ከተባሉት ተጓዦች ጋር በ1830 ዓ.ም. አድዋ ደርሶ ነበርና፣ ሮም በእርሱ መልእክት ተነሣሥታ ለኢትዮጵያ አዲስ ሐዋርያዊ ሥራ አቋቋመች፤ አቡነ ያዕቆብንም አለቃ አድርጋ ላከች። በጥቅምት 1832 ዓ.ም. አድዋ ሲገቡ ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም ነበሩ። አዲሱ መምህር የአገሩን መነኵሴ ልብስ ለበሱ፣ ግእዝና አማርኛ ለመማር ተቀመጡ፤ ሰውም ሊሰማቸው በተሰበሰበ ጊዜ ለመከራከር ሳይሆን ለማገልገል እንደ መጡ፣ የማይፈልጋቸው ቢሆን ግን ያለ ቂም እንደሚሄዱ ነገሩት። ከሜንዴዝ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሮም ካህን በዚህ ቃና ሲናገር ለአድዋ ሰው የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

ወዲያውም እንግዳ የሆነ አጋጣሚ መጣ። ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ የሚያመጣ መልእክተኛ ወደ ግብፅ ለመላክ ሲነሡ፣ በ1833 ዓ.ም. ካቶሊካዊው ካህን አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም ተቀብለው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ከካይሮ አልፈው ሮም ደረሱ፣ ከጳጳሱ ከጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፣ ኢየሩሳሌምንም ተሳልመው ተመለሱ። ከካይሮ የመጡት ወጣት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የካቶሊካውያኑ ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑ። የዚህ ጉዞ ትልቁ ፍሬ ሌላ ነበር። ከመልእክተኞቹ መካከል አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ የጎጃም ሰው፣ በመርጡለ ማርያም ገዳም ያደጉ፣ በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን ያጡ፣ ነገር ግን በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ የተከበሩ መነኵሴ ነበሩ። በዚያ ዘመን አገሪቱን ስለ ከፈለው ስለ ልደትና ስለ ቅብዐት ክርክር እውነቱን ከገዳም ገዳም ሲፈልጉ የኖሩ ናቸውና፣ በመንገዱ ሁሉ አቡነ ያዕቆብን ጠየቁ፣ ተከራከሩ፣ አዳመጡ። ከተመለሱም በኋላ ዓመታት ፈጅተው መርምረው ከእርሳቸው ጋር አንድ ሆኑ፤ የግእዙን ሰዋስውና የትምህርተ ሃይማኖቱን መጻሕፍት በማዘጋጀትም ቀኝ እጃቸው ሆኑ። አቡነ ያዕቆብ የኢትዮጵያን ሊቅ እንደ ተማሪ ብቻ ሳይሆን እንደ መምህር አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ከዓሊቴና በፊት የዓሊቴና መንፈስ የታየው በዚህ ነው።

በአዲግራት አጠገብ በምትገኘው በጓላ አቡነ ያዕቆብ መሬት አግኝተው የካህናት ማሠልጠኛ ከፈቱ። በ1839 ዓ.ም. ወደ ኦሮሞ አገር የተላኩት ካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ፣ በእኛ አገር ስም አቡነ መስያስ፣ ወደ ጓላ መጥተው ከተማሪዎቹ መካከል ለክህነት የደረሱትን ቀቡ። ነገር ግን የአቡነ ሰላማ ግዝት እየበረታ፣ የደጃዝማች ውቤም ወዳጅነት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጓላ የምታስቀምጥ አልሆነችም፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ ገደሉን ተሻግረው ወደ ኢሮብ ወረዱ። ኢሮብ በባላባቶቹ የሚተዳደር፣ አገሩ ለሠራዊት የማይመች፣ ስደተኛ መቀበል ልማዱ የሆነ ሕዝብ ነበር። ከዚያ ትውልድ ጥቂት ቀደም ብሎ ትግራይን የገዙት፣ በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ጦርነት ተሸንፈው የተገደሉት ደጃዝማች ሱባጋዲስ ወልዱ ትውልዳቸው ከዚሁ ሕዝብ የሚመዘዝ ነው። በሃይማኖት ረገድም ምድሩ ባዳ አልነበረም፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ስለ እምነታቸው ብዙ መከራ የተቀበሉት የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ጉንዳ ጉንዶ፣ ከነብራና መጻሕፍቱ፣ አዲግራት ባለችበት በአጋሜ ምሥራቃዊ ቍልቍለት ተደብቆ የኖረ ነው። ንጉሥና ጳጳስ ያሳደዷቸው መነኰሳት የተጠለሉበት ገደል አራት መቶ ዓመት ቈይቶ ሌሎችን ስደተኞች አስጠለለ።

በዓሊቴና የሆነው ነገር ከአድዋና ከጎንደር የተለየ ነው። በእነዚያ ከተሞች ወደ ካቶሊክ እምነት የመጡት አንዳንድ ሊቃውንት፣ አንዳንድ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ በኢሮብ ግን መንደር ከነሽማግሌዎቹ መከረና ገባ። እዚህ ላይ የአቡነ ያዕቆብ ቍርጥ አሳብ ጠቀመ። ከእነርሱ ሮም የምትጠይቀው የእምነት አንድነት ነው እንጂ የአባቶቻቸውን ሥርዐት መጣል እንዳልሆነ አስተማሩ፤ ቅዳሴው በግእዝ ይቀደሳል፣ ጾሙ ይጾማል፣ የልደትና የጥምቀት ቀን አይለወጥም፣ ካህኑም የአገሩ ልጅ ይሆናል። ይህንን ጥቂት ነገር አድርጎ የሚቈጥር ሰው ቢኖር፣ በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የአውሮጳ ሚሲዮናውያን ከላቲን በቀር የእግዚአብሔርን ቤት ቋንቋ የማያውቁ ብዙዎች እንደ ነበሩ ያስብ። አቡነ መስያስ እንኳ ከዚያ በኋላ በኦሮሞ አገር የተከሉት ሥርዐት የላቲኑ ነበር፤ የዚያ አገር ሁኔታ ሌላ ነውና በዚህ አልፈርድባቸውም። የትግራይ ክርስቲያን ግን ሺህ ዓመት ያለፈው ቅዳሴ ነበረው፤ ያንን ለማክበር ትሕትና ያስፈልግ ነበር፣ አቡነ ያዕቆብም ትሕትናው ነበራቸው።

የጵጵስናቸው አፈጻጸም ራሱ የዘመኑን ጭንቅ ያሳያል። በ1841 ዓ.ም. አቡነ መስያስ በምጽዋ፣ በሌሊት፣ በር ዘግተው፣ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ቀቧቸው፤ ጳጳስ ሆነውም እንደ ቀድሞው በእግር ዛሬ በኤርትራ ካለችው ከሐላይ ወደ ዓሊቴና፣ ከዓሊቴና ወደ ምጽዋ ሲመላለሱ ኖሩ። አባ ገብረ ሚካኤልን በ1843 ዓ.ም. ቅስና ቀቧቸው። በ1846 ዓ.ም. ሁለቱም ጎንደር ሳሉ፣ ገና ደጃዝማች ካሣ የሚባሉት፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው አሳሰሯቸው። የውጭውን ሰው ከአገር አስወጡ፤ የአገሩን ሽማግሌ ግን በሰንሰለት አስረው ከሠራዊቱ ጋር ጐተቱ፣ ገረፉ፣ እምነታቸውን እንዲክዱ ደጋግመው ጠየቁ። አባ ገብረ ሚካኤል አልካዱም፤ በ1847 ዓ.ም. ክረምት እንደ ታሰሩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። መቃብራቸው የት እንደ ሆነ አይታወቅም። ሮም በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ጠራቻቸው።

አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1852 ዓ.ም.፣ ከምጽዋ ንዳድ ሸሽተው ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጡ በዓሊጋዴ ሸለቆ፣ በሜዳ ላይ፣ ተማሪዎቻቸው ከብበዋቸው ሞቱ። አስከሬናቸውን ዛሬ በኤርትራ ወደሚገኘው ወደ አካለ ጉዛይ፣ ወደ ሄቦ ወስደው ቀበሯቸው፤ ሄቦም ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሳለሚያ ቦታ ሆነች። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የሆኑት አባ ተክለ ሃይማኖት ዘአድዋ የመምህራቸውን ሕይወት ዐይተው እንደ መሰከሩ ጽፈው ትተውልናል፤ ስለ አንድ አውሮጳዊ ሚሲዮናዊ የአገሩ ልጅ ራሱ የጻፈው እንዲህ ያለ ታሪክ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። አቡነ ያዕቆብ በ1931 ዓ.ም. ብፁዕ፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ተብለው ታወጁ።

ከመሥራቾቹ በኋላ የመጣው ትውልድ ዕረፍት አላገኘም። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን አገሪቱን በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት በተደረገው ጥረት ካቶሊካውያኑ ተጨነቁ። ይበልጥ ከባድ የነበረው ፈተና ግን ከባሕር መጣ። ያ የመጀመሪያው ሚሲዮናዊ ሳፔቶ፣ ማኅበሩን ትቶ ከወጣ በኋላ፣ በ1862 ዓ.ም. የዓሰብን ባሕር ዳር ለሩባቲኖ ኩባንያ የገዛ ሰው ሆነ፤ የኢጣልያ ቅኝ ግዛትም በዚያች መሬት ተጀመረ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ሕዝቡ በሚሲዮናውያን ላይ የነበረው ጥርጣሬ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው፤ ከአንድ ማኅበር ወጥተው በአንድ መንገድ የመጡት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ መሬት ሲገዛ ሌላው በባዶ ሜዳ ሞተ። ሕዝቡም ማንኛውን አባት ብሎ እንደ ጠራ እናውቃለን።

ኢጣልያ ኤርትራን ከያዘ በኋላ ፈረንሳውያኑን ላዛሪስቶች በክፉ ዐይን ማየት ጀመረ። በ1887 ዓ.ም. ኤርትራ ከእነርሱ ተወስዳ ለኢጣልያውያን ካፑቺኖች ተሰጠች። በዚያው ዓመት ካቶሊካዊው የአካለ ጉዛይ ባላባት ደጃዝማች ባሕታ ሓጎስ ስለ ሕዝባቸው መሬት በኢጣልያ ላይ ተነሥተው በሐላይ ሲወድቁ፣ ፈረንሳውያኑ ካህናት አነሣሥተዋቸዋል ተብለው ከአገሩ ተባረሩ። ከእነርሱ ማኅበር አባ ዣን ባቲስት ኩልቦ የተባሉት፣ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥትና ሃይማኖት ሰፊ ታሪክ በፈረንሳይኛ የጻፉት ሊቅ፣ የዚህ ዘመን ምስክር ናቸው። ከምጽዋና ከከረን፣ ማተሚያ ቤት አቁመው የግእዝ መጻሕፍት ካተሙበት አገር የተነቀለው ሥራ ድንበሩን ተሻግሮ የተጠጋው በዓሊቴና ነው። መጠጊያ ሆና የተጀመረችው መንደር ለሁለተኛ ጊዜ መጠጊያ ሆነች፤ ብዙ ዓመትም በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ የሰሜኑ ካቶሊካዊ ሥራ ማእከል እርስዋ ነበረች።

በ1953 ዓ.ም. ሮም በአዲስ አበባ የሊቀ ጳጳስ መንበር ስታቆም፣ አዲግራትም ራስዋን የቻለች ሀገረ ስብከት ሆነች፤ የመጀመሪያው ጳጳስዋ አቡነ ኀይለ ማርያም ካሕሳይ፣ የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስም አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ ነበሩ፤ ሁለቱም የአገሩ ልጆች፣ ሁለቱም የግእዝ ሥርዐት ጳጳሳት። አቡነ ያዕቆብ በጓላ ጥቂት ልጆች ሰብስበው የጀመሩት ነገር እዚህ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። መንበሩ በከተማ ስለ ሆነ ዓሊቴና ከዚያ ወዲህ እንደ አሮጊት እናት ቤት ሆናለች፤ ልጆችዋ የሚሠሩት ሌላ ቦታ ነው፣ የሚመለሱት ግን ወደ እርስዋ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። በዕለተ ሰንበት ንጋት በዓሊቴና የሚቀደሰውን ቅዳሴ የሚሰማ የጎንደር ወይም የአክሱም ሰው የሮም ሥርዐት ይጠብቅ እንደ ሆነ ይሳሳታል። ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ፤ ወንዱ በወንድ ወገን፣ ሴቲቱ በሴት ወገን ይቆማሉ። ካህኑ በካባው፣ ዲያቆኑ በመስቀሉ፣ በዕጣኑ ጢስ መካከል ግእዙን ያዜማሉ፤ ሕዝቡም ተሰጥዎውን በቃሉ ይመልሳል። ይህ ሕዝብ በቤቱ የሚናገረው ሳሆ፣ በገበያ ትግርኛ ነው፤ ቅዳሴውን ግን በሦስተኛ ቋንቋ፣ ሳያነብብ፣ ከእናቱ ጋር ቆሞ በመስማት ብቻ ተምሮታል። ካህኑ ወንጌሉን ካነበበ በኋላ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በሚገባቸው ቋንቋ ይተረጕመዋል። በጸሎቱ መካከል የሮም ጳጳስ ስም ሲጠራ፣ የጎንደሩ እንግዳ የት እንዳለ ያስታውሳል። መጽሐፈ ቅዳሴው በ1930ዎቹ መጨረሻ በቫቲካን በግእዝ የታተመው ነው፤ እዚያ ሮም ውስጥ የአገራችን ሊቃውንት በኢትዮጵያ ኮሌጅ ተቀምጠው ብራናውን ከብራና አስተያይተው አርመው ያሳተሙት።

ከምዕራብ የመጣም ነገር አለ፤ ሳይደባለቅ አልቀረም። በጾመ ሁዳዴ ዐርብ ዐርብ ምእመናኑ ፍኖተ መስቀልን ይዞራሉ፣ መቍጠሪያ ይዘው የእመቤታችንን ጸሎት ይደግማሉ፤ ከዚያ ወጥተው ደግሞ በፍልሰታ እንደ ጎረቤታቸው እንደ ኦርቶዶክሱ ይጾማሉ፣ በመስቀል ደመራ ያቃጥላሉ፣ ጥር 11 ቀን ወደ ውሃ ይወርዳሉ። አንዳንድ ጸሐፍት ይህን ድብልቅ ሲነቅፉት አንብቤአለሁ፤ እኔ ግን አልነቅፈውም። ሁለቱን ጸሎት በአንድ ልብ የሚጸልይ ሕዝብ ከሁለቱ አንዱን ያጣ ሳይሆን ሁለቱንም የወረሰ ነው። በሠርጉና በለቅሶው፣ በዕርቁና በዳኝነቱ ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ፣ እስላሙም ጭምር፣ በአንድ የነገድ ሥርዐት ይተዳደራሉ፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ማንም የማንን ቤተ ክርስቲያን አይጠይቅም።

ስለ ምድሩም አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ በዓሊቴና ቤተ ክርስቲያንና እርሻ የተለያዩ ታሪኮች አይደሉም። በአጋሜና በኢሮብ ኮረብታ ሁሉ የበቀለው፣ በክረምት የድኻው ምግብ የሆነው በለስ፣ በሽማግሌዎች ትውፊት መሠረት ወደ አገሩ የገባው በእነዚሁ ሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው አመጡት የሚሉም አሉ። እህሉ ሳይደርስ፣ የአምናው ጎተራ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ልጆች በማለዳ ወጥተው እሾሁን በቅጠል ጠርገው የሚለቅሙት ፍሬ ስንቱን ቤተ ሰብ ከረኃብ እንዳዳነ የአጋሜ ሰው ያውቀዋል። ሌላው ዳልዳል ነው። የኢሮብ ገበሬ የሚታረስ ሜዳ የለውምና በጐርፍ መውረጃው ላይ፣ ከሸለቆው ጥግ እስከ ጥግ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ካብ ይክባል። የመጀመሪያው ዓመት ካብ ከጕልበት አያልፍም፤ ጐርፉ ከተራራው ያጠበውን አፈር ከካቡ በስተጀርባ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ካቡን ከፍ ያደርገዋል፣ አፈሩም አብሮ ከፍ ይላል፤ በአባት ዘመን የተጀመረው በልጅ ዘመን እርሻ ይሆናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የልማት ሠራተኞችም በኋላ ዘመን የራሳቸውን ዘዴ በሕዝቡ ላይ ከመጫን ይልቅ ይህንኑ አገርኛ ጥበብ አይተው አገዙት። የመሥራቹ አስተዋይነት ከቅዳሴው አልፎ እስከ እርሻው የደረሰ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቱን በአጭሩ ብቻ እጠቅሳለሁ፤ ፍሬው ራሱ ይናገራልና። በአንድ ገደል ውስጥ ከሚኖር ትንሽ ሕዝብ ይህን ያህል ካህናት፣ መምህራን፣ ሐኪሞችና የመንግሥት ሠራተኞች የወጡት፣ ፊደል በሚሲዮኑ ቤት ከብዙ የአገሪቱ ከተሞች ቀድሞ ስለ ተዘረጋ ነው።

ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ግን ለዓሊቴና የመከራ ዓመታት ናቸው። በ1960ዎቹ ማለቂያ ኢሕአፓ የተባለው ፓርቲ ዓሲምባን የትግል ሰፈሩ ባደረገ ጊዜ አገሩ የጦርነት ሜዳ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ዓሊቴና በኤርትራ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ እስከ 1992 ዓ.ም. ሕዝቡ በዋሻና በስደት ኖረ፣ ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎችም አሉ። በ1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ከኢሮብ ምድር ከፊሉን ለኤርትራ ሲፈርድ፣ ሕዝቡ ለሁለት መከፈሉን አሻፈረኝ አለ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ያንኑ ቍስል ቀደደው፤ በኢሮብ መንደሮች ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፣ ጦርነቱን ካስቆመው ከፕሪቶርያ ስምምነት በኋላም የአገሩ ከፊል በውጭ ሠራዊት እጅ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ መካከል የቤተ ክርስቲያኒቱን ልብ በተለይ የነካው የሄቦ መንገድ መዘጋት ነው። ከኢሮብ ተነሥቶ፣ ስንቁን ይዞ፣ በእግሩ ወደ አቡነ ያዕቆብ መቃብር መሳለም ለቀደመው ትውልድ የታወቀ ነገር ነበር። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ፣ በ2011 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ከተከፈተበት ጊዜ በቀር፣ በዓሊቴና የተወለደ ወጣት የአባቱን መምህር መቃብር ሳያይ አድጓል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሮም የኤርትራን ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ መንበር ለይታ በአሥመራ ራስዋን እንድትችል አደረገች፤ ለአስተዳደር የሚያስፈልግ ሥራ እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን ሥራው በዓሊቴና፣ መቃብሩ በሄቦ የሆነ አባት ልጆች ዛሬ በሁለት መንግሥትና በሁለት የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ተከፍለው ይኖራሉ፤ ሐምሌ ሲመጣም ሁለቱም ወገን በአንድ ግእዝ፣ በአንድ ዜማ፣ ለአንዱ ሰው ያመሰግናሉ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ፣ ከሁሉ በፊትም ለኢሮብ ልጆች፣ በአዲስ አበባም ይሁን በአውሮጳና በአሜሪካ ላሉት፣ ለአዲግራት ሀገረ ስብከት አባቶችም አንድ ልመና አለኝ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ደብር የጥምቀት፣ የተክሊልና የሞት መዝገብ መያዝ አለበት፤ በእንዲህ ያለ ገደል ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ የአንድ ሕዝብ የትውልድ ሐረግ ነው። ከጦርነቱ የተረፈው መዝገብ፣ ደብዳቤና ብራና ሁሉ ሌላ እሳት ሳይደርስበት በፎቶግራፍ ይቀዳ፣ ቅጂውም በአዲግራትና በአዲስ አበባ ይቀመጥ። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ደግሞ የሄቦን መንገድ፣ የአባቶቻቸውን ስደትና የጥንቱን ካህናት ስም በሳሆ ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀረጽ። እነዚህ ሰዎች አርጅተዋል፤ ሥራው በዚህ ዓመት መጀመር አለበት።